ሁለት ፊት ስላላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት



በቋንቋችን «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። በጽሑፍ ግን መልኩ አንድ ስለ ኾነ፣ አንባቢ የሚለየው በዙሪያው ያሉትን ቃላት አይቶ ነው። ለገዛ ቋንቋችን ሳናስበው የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ለእንግሊዝኛ ስንነፍገው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ይበላሻል።

«ሳንክሽን» የሚለውን ቃል እንመልከት። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣለባት የኢኮኖሚ ቅጣት በእንግሊዝኛ በዚህ ስም ይጠራል። ነገር ግን «የበላይ ሹሙ ወጪውን ሳንክሽን አደረጉ» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ቢደርሰን፣ ወጪውን ፈቀዱ ማለት እንጂ ከለከሉ ማለት አይደለም። የቃሉ ሥር በላቲን የጸና ድንጋጌ ማለት ነው፤ ድንጋጌ ደግሞ የሚፈቅድም የሚቀጣም ስለ ኾነ፣ ሁለቱ ፍች ከአንድ ሥር በቀሉ። እንግዲህ በአንድ አገር ላይ የሚጣል ከኾነ ቅጣት፣ ለአንድ ሥራ የሚሰጥ ከኾነ ፈቃድ ነው።

«ኦቨርሳይት»ም እንዲሁ ነው። የኦቨርሳይት ኮሚቴ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ነው፤ «ስምዎ በኦቨርሳይት ቀርቷል» ሲባል ግን ባለማስተዋል ተዘለለ ማለት ነው።

መልካቸው ተቀራርቦ ፍቻቸው የሚለያይም አሉ። «ኢኮኖሚክ» የአገርን ሀብትና ንግድ የሚመለከት ሲኾን፣ «ኢኮኖሚካል» ቆጣቢ ማለት ነው። ስለዚህም ብዙ ነዳጅ የማይፈጅ መኪና ኢኮኖሚካል ይባላል እንጂ ኢኮኖሚክ አይባልም።

ይህ ችግር የባዕድ ተማሪ ብቻ አይደለም። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ እንደሚነግሩን፣ የእንግሊዝ መኰንኖች አንድን አስቸኳይ ጽሑፍ «ቴብል» እናድርገው ብለው ለአሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው አሳሰቡ። ቃሉ ለእንግሊዞቹ ለውይይት ማቅረብ፣ ለአሜሪካውያኑ ግን ወደ ጎን ማስቀመጥ ነበር። ሁለቱም አንድ ነገር እየፈለጉ የተግባቡት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ጸሐፊ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቃሉ ከየትኛው ቃል ጋር ተቀመጠ? ደብዳቤው ከየት አገር መጣ? የመረጥሁት ፍች ከቀረው ሐሳብ ጋር ይስማማልን? ካልተስማማ መዝገበ ቃላቱን እንደ ገና ይግለጥ፤ በመጀመሪያ የተጻፈው ፍች ሁልጊዜ የሚፈለገው አይደለምና። ደብዳቤ ተፈርሞ ከወጣ በኋላ ከማረም፣ ሳይፈረም ጠይቆ መረዳት ይቀላል።