የሊማሊሞ ቀረጥና የአምስተርዳም ትርፍ

ከምጽዋ ተነስቶ በዓድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ድብ ባሕር ሲደርስ ሊማሊሞ ከፊቱ ተደቅኖ ይጠብቀዋል። ያን ገደል በቅሎና አህያውን እየነዳ ከወጣ በኋላ ደባርቅ፣ ቀጥሎ ዳባት፣ ከዚያም የወገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ይገባል። ወደ ባሕሩ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና፣ ልንሸፍነው የማይገባን ባሪያ ይወርዳል። ወደ ላይ ደግሞ የሕንድ ጨርቅ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህን ተራራ ሲወጣ ቀረጥ ሰብሳቢዎች ነበሩበት።

ይህ መንገድ በሞቀበት ዘመን አውሮፓም በባሕር ንግድ እየተለወጠች ነበር። ታዲያ ያው የሩቅ ንግድ አምስተርዳምንና ለንደንን ሲያበለጽግ ጎንደርን ለምን አላበለጸገም? ብዙዎች መልሱ የሸቀጡ መጠን ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከሸቀጡ ይልቅ ትርፉ የማን እጅ ገባ የሚለውን አስቀድማለሁ።

እስፓኝን እንይ። በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ የፖቶሲ የብር ማዕድን ተገኘና ብሩ በመርከብ ይጎርፍ ጀመር። ንጉሡ ዳግማዊ ፊልጶስ ግን በጦርነት ጨረሰው፤ በ1557፣ በ1575 እና በ1596 ዕዳውን መክፈል አቃተው። ለሕዝቡ የተረፈው የዋጋ ንረት ነው። በሆላንድ ግን አገሩን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ነጋዴዎቹ ነበሩ። በ1602 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ሲያቋቁሙ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር ያህል ተዋጣ፤ ከባለድርሻዎቹ መካከል የቤት ሠራተኛ እንኳ አለችበት። ገንዘቡን የፈለገ ሰው ድርሻውን ለሌላ ይሸጣል እንጂ ከኩባንያው አያወጣም። ስለዚህ ካፒታሉ አልተበተነም።

የጎንደርን ነጋዴ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሞች፣ በጀበርቲዎች እጅ ነበር። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ ርስትም አልነበራቸውም። ነጋዴው የቱንም ያህል ቢያተርፍ ትርፉን ወደ መሬት ሊያዞረው አይችልም፤ በሸንጎም ድምፅ የለውም። በየኬላው ግን ይከፍላል። ነጋድራሱም የነጋዴዎች አለቃ ቢባል ቀረጡን የሚሰበስበው ለሹሙ ነው።

ባሕሩም የእኛ አልነበረም። ቱርኮች ምጽዋን ከያዙበት ከ1557 ጀምሮ የመርከቡ ትርፍ የሌላ ሰው ሆነ። ነገሥታቱ ይህ ጠፍቷቸው አይደለም፤ አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዶች መናኸሪያ ወደነበረችው ባታቪያ ተደጋግሞ ተልኳል። ሆኖም የሄደው እጅ መንሻ ይዞ እንደ ንጉሥ መልእክተኛ ነው፤ ከኋላው ኩባንያ አልነበረውም። የማሪያ ቴሬዛ ብርም ቢሆን በውጭ አገር ተመትቶ የመጣ ነው፤ ከአክሱም ዘመን በኋላ የራሳችንን ገንዘብ ዳግም ለመምታት እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቆየን።

የአውሮፓን ብልጽግና በጥሩ ሕግ ብቻ የሚያስረዱ ግን የሒሳቡን ግማሽ ይደብቃሉ። ከ12 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን በአትላንቲክ መርከቦች ተጭነዋል፤ የሆላንዱ ኩባንያም የቅመም ደሴቶችን የያዘው በመድፍ ነው። ያን መንገድ የሚመኝ ኢትዮጵያዊ ሊኖር አይገባም። የነጋዴው ገንዘብ በሕግ መጠበቁና በውሳኔ ድምፅ ማግኘቱ ግን ያለ መድፍም ይቻላል።

ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ገብሱና ድንቹ በዚያው የሊማሊሞ መንገድ ይጓዛል። አንድ ኩንታል እህል በየኬላው ከተቀረጠ የሚከስረው ገበሬውና ሸማቹ ነው። የዞኑ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ቀረጡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ተመኑ ሲወጣም ነጋዴው በስብሰባው ይገኝ።