ከመደቡ እስከ ዳገቱ፦ ከስትሮክ በኋላ እግር እንዴት ይመለሳል?

ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚያልፍ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና ደግሞ የሰሜን ተራሮች ዳገት ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለ አገር ስትሮክ አንድ ጎኑን ለያዘበት ሰው ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ማሳውም በአንድ ቀን ይርቁበታል።

እግሩ ግን ጤነኛ ነው። የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የተጎዳው እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ነው። የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱም፤ የተረፉት አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ ሥራውን ሊረከቡ ይችላሉ። ለዚህም ያው እንቅስቃሴ ደጋግሞ መሠራት አለበት። መነሣት በመነሣት፣ መራመድ በመራመድ ይለመዳል። የወጌሻ እሽት ይህን ድግግሞሽ አይተካም።

የስፔን ተወላጁ መምህርና ገጣሚ ፔድሮ ባክ ኢ ሪታ በ1959 እ.ኤ.አ. ስትሮክ ሲመታቸው፣ የሕክምና ተማሪ የነበረው ልጃቸው ጆርጅ እንደ ሕፃን ከመዳህ አስጀመራቸው። ቀስ በቀስ ቆሙ፣ ተራመዱ፣ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራ ሲወጡ በልብ ሕመም አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በአንጎላቸው ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት አሁንም እዚያው ነበር።

ታዲያ ውድ ማሽን ያስፈልጋል? በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ሊፕስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት 408 ሕሙማንን አሳትፏል። ከፊሎቹ በማንጠልጠያ ታጥቀው በመሮጫ ማሽን ላይ ተራመዱ። ሌሎቹ ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው እየመጣ የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ አሠራቸው። ስትሮኩ በደረሰ በዓመቱ የሁለቱ ወገኖች ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉም ተሳታፊዎች 52 በመቶው በተሻለ ደረጃ መራመድ ችለዋል።

ይህ ለደባርቅና ለዳባት ቤተሰቦች ትልቅ ተስፋ ነው። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ባለሙያ መርምሮ የሚያወጣው የልምምድ ዕቅድ ደግሞ ቤት ባለው ዕቃ ሊቀጥል ይችላል፦ ከመደብ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ክብደትን ወደ ደካማው እግር ማሸጋገር፣ የደጃፉን ደረጃ መውጣትና መውረድ። የእግሩ ጣት መሬት እየጎተተ የሚያደናቅፈው ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ ድጋፍ ይደረግለታል።

ጥድፊያ ግን ይጎዳል። 2,104 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው አቨርት የተባለ ጥናት፣ ከመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ጀምሮ በብዛት ከአልጋ እንዲነሡ የተደረጉት በሦስት ወሩ የከፋ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። መቼ እንደሚጀመር ሐኪም ይወስን።

ልምምዱ ሲጀመር ወገቡ ላይ ጠንካራ መቀነት ይታሰር። ደጋፊው በደካማው ጎን ቆሞ መቀነቱን ይያዝ እንጂ ክንዱን አይጎትት፤ የላላ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል። የመጀመሪያው ጉዞ ከመደቡ እስከ በሩ ነው።