ደቃቅ ፕላስቲኮች በምግብና በመጠጥ ውሃ ውስጥ፦ ምንጭ፣ ልኬትና ተጋላጭነትን የመቀነሻ መንገዶች

መግቢያ

ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ ይደቅቃል። በፀሐይ ብርሃን፣ በሙቀትና በፍትጊያ እየተሰባበረ ከዓይን ቢሰወርም ቁስ አካሉ ለረጅም ዘመን ሳይጠፋ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በባሕር ዳርቻ ደለል ውስጥ ያገኟቸውን ጥቃቅን የፕላስቲክ ስብርባሪዎች ባሳወቁበት ጽሑፍ አማካይነት «ማይክሮፕላስቲክ» የሚለው ስያሜ በሳይንሱ ዓለም ተስፋፋ። በስፋት ተቀባይነት ባለው ትርጓሜ መሠረት መጠናቸው ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆኑ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ማይክሮፕላስቲክ ሲባሉ፣ ከ1 ማይክሮሜትር የሚያንሱት ደግሞ ናኖፕላስቲክ ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም በጋራ «ደቃቅ ፕላስቲክ» ተብለው ተጠርተዋል።

የችግሩ ምንጭ የምርቱ ብዛትና የአወጋገዱ ድክመት ነው። ሮላንድ ጋየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ስሌት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ ተመርቷል። ቆሻሻ ሆኖ ከተጣለው ውስጥ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ፣ የተቃጠለው 12 በመቶ ብቻ ሲሆን 79 በመቶው በቆሻሻ መጣያ ስፍራዎችና በተፈጥሮ አካባቢ ተከማችቷል። ይህ ክምችት እየደቀቀ ወደ አፈር፣ ወደ ውሃና ወደ አየር ይገባል። ይሁን እንጂ ወደ ሰው ማዕድ የሚደርሰው ደቃቅ ፕላስቲክ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከፊሉ እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ምግቡ በተቀመጠበትና ውሃው በተሞላበት ዕቃ ላይ ይፈጠራል። ተጋላጭነትን ለመቀነስ የሚያስችለው ቁልፍም በአብዛኛው እዚህ ላይ ይገኛል።

የቁጥሮቹ ልዩነትና የልኬቱ ጥያቄ

ስለ ደቃቅ ፕላስቲክ የሚነገሩ አኃዞች እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው አንባቢን ያደናግራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዘጠኝ አገሮች በተሰበሰቡ 259 የታሸገ ውሃ ጠርሙሶች ላይ በሼሪ ሜሰንና ባልደረቦቿ በተደረገ ጥናት 93 በመቶዎቹ ጠርሙሶች የመበከል ምልክት ታይቶባቸዋል። በአማካይ በአንድ ሊትር ወደ 325 ቅንጣቶች ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ጥናት ግን በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል ቅንጣቶች መኖራቸውን አመለከተ። ይህ ልዩነት ውሃው በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ መጠን መበከሉን አያሳይም። የመጀመሪያው ጥናት እስከ 6.5 ማይክሮሜትር ድረስ ያሉትን ቅንጣቶች ሲቆጥር፣ ሁለተኛው በሌዘር የሚሠራ የተራቀቀ የራማን ማይክሮስኮፕ በመጠቀም ናኖፕላስቲኮችንም ለይቷል። ከተቆጠሩት ውስጥ 90 በመቶ የሚሆኑት ናኖፕላስቲኮች ነበሩ።

ስለዚህ ማንኛውም የቅንጣት ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከመለኪያው ዝቅተኛ ወሰን ጋር ተያይዞ ሲነገር ነው። የኢንፍራሬድ ማይክሮስኮፒ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር በታች ያሉትን ለመለየት ይቸገራል፤ የተለመደው የራማን ማይክሮስኮፒ እስከ 1 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ናሙናውን በከፍተኛ ሙቀት በትኖ የሚመረምረው የፓይሮሊሲስ ዘዴ ደግሞ ቅንጣቶችን ሳይቆጥር የፕላስቲኩን ክብደት ይሰጣል። ቁጥርና ክብደት በቀላሉ አይመነዘሩም፤ በቁጥር እጅግ የበዙ ናኖፕላስቲኮች በክብደት ኢምንት ሊሆኑ ይችላሉ።

በሰፊው የተሰራጨው «ሰው በየሳምንቱ የአንድ የባንክ ካርድ ክብደት ያህል ፕላስቲክ ይበላል» የሚለው አባባል ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። አባባሉ የተመሠረተው በሳምንት እስከ 5 ግራም በሚል ግምት ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና የቅንጣቶቹን የመጠን ስርጭት በጥንቃቄ ያገናዘበ የሞዴል ጥናት ግን በተመረመሩት የምግብ ዓይነቶችና በአየር አማካይነት አንድ አዋቂ የሚወስደውን መካከለኛ መጠን በቀን 583 ናኖግራም ብሎ ገምቶታል። ይህም በሳምንት ወደ 4 ማይክሮግራም ማለት ነው። በሁለቱ ግምቶች መካከል ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ርቀት አለ።

ወደ ማዕድ የሚያደርሱት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የመጠጥ ውሃ ነው። በአሜሪካ ነዋሪዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ስሌት እንደሚያመለክተው፣ የሚፈልገውን ውሃ ሁሉ ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ የሚጠጣ ሰው በዓመት ተጨማሪ 90,000 ያህል ቅንጣቶችን ሲወስድ፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣው ግን 4,000 ያህል ይወስዳል። የኮሎምቢያው ጥናት ከጠርሙሱ መሥሪያ ፕላስቲክ በተጨማሪ በማጣሪያ ሜምብሬኖች ላይ የሚያገለግለው የፖሊአሚድ ቅንጣት በብዛት መገኘቱን ማሳየቱ ትኩረት ይስባል፤ ውሃውን የሚያጣራው መሣሪያ ራሱ የብክለት ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማልና።

ሁለተኛው መንገድ ጨውና ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና ገበያ በተሸጡ ጨዎች ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ ኪሎግራም የባሕር ጨው ከ550 እስከ 681፣ በሐይቅ ጨው ከ43 እስከ 364፣ ከዐለትና ከጉድጓድ በሚወጣው ደግሞ ከ7 እስከ 204 ቅንጣቶችን መዝግቧል። በኢትዮጵያ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ በሚሆኑት የሆድ ዕቃ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን አግኝቷል። ከሐይቁ ወለል አካባቢ የሚመገቡት እንደ አምባዛና ካርፕ ያሉት ዓሦች ከቆሮሶ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መንገድ የቤት ውስጥ አቧራ ነው። በስኮትላንድ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በምግብ ሰዓት በገበታ ላይ የሚያርፉት ከልብስና ከምንጣፍ የሚወጡ ጭረቶች፣ ሰዎች የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ምግቦችን በመመገብ ከሚወስዱት ቅንጣት እጅግ እንደሚበልጡ አሳይቷል።

አራተኛው መንገድ ሙቀት ከፕላስቲክ ጋር የሚገናኝበት ነው። በአየርላንድ ተመራማሪዎች የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ የሕፃናት ጡጦዎች በአንድ ሊትር እስከ 16.2 ሚሊዮን ቅንጣቶችን እንደሚለቁ አረጋግጧል። የውሃው ሙቀት ከ25 ወደ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ልቀቱ ከ0.6 ሚሊዮን ወደ 55 ሚሊዮን አሻቅቧል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አንድ የፕላስቲክ መረብ የሻይ ከረጢት በ95 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን በአንድ ስኒ ውስጥ እንደሚለቅ ዘግበዋል። በሕንድ የተደረገ ሌላ ምርመራ ትኩስ ውሃ በወረቀት ኩባያ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ሲቆይ፣ ኩባያው ከውስጥ የተለበጠበት ስስ ፕላስቲክ በ100 ሚሊሊትር ወደ 25,000 ቅንጣቶችን እንደሚለቅ አሳይቷል። ትኩስ ሽሮን በፌስታል ቋጥሮ መውሰድ ወይም የፈላ ቡናን በሚጣል ኩባያ መያዝም በዚሁ የፊዚክስ ሕግ ሥር ይወድቃል፦ ሙቀት ፖሊመሩን ያላላል፤ ገጽታውም ይላላጣል።

በጤና ላይ ያለው ማስረጃ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ150 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑ ቅንጣቶች ወደ ሰውነት ሕብረ ሕዋስ የመግባት ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑንና አብዛኞቹ ከሰገራ ጋር እንደሚወገዱ ገልጿል። ትኩረቱ ያረፈው እጅግ በደቀቁት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድስ በ22 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ በ17ቱ ደም ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጣልያን የወጣ ጥናት ደግሞ የአንገት ደም ቧንቧ ጥበት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 257 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ከ58 በመቶ በላይ በሆኑት የቅባት ጓል ውስጥ ፖሊኤቲሊን አግኝቷል። በ34 ወራት ያህል ክትትል ውስጥ እነዚህ ሕሙማን የልብ ድካም ጥቃት፣ የአንጎል ስትሮክ ወይም ሞት የገጠማቸው ከሌሎቹ 4.5 እጥፍ በሚሆን ስጋት ነበር።

ይህ ግኝት አሳሳቢ ቢሆንም ቁርኝትን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ፕላስቲክ የበዛባቸው ሕሙማን በአኗኗር፣ በአመጋገብ ወይም በሥራ ሁኔታ ከሌሎቹ ይለዩ ይሆናል፤ ናሙናው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የመበከል ዕድልም ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ስለሆነም ሚዛናዊው አቋም ተረጋጋጭ ጉዳትን ሳይጠብቁ፣ ወጪና ሌላ አደጋ የማያስከትሉ እርምጃዎችን መውሰድ ነው።

ተጋላጭነትን የመቀነሻ መንገዶች

ከላይ የቀረቡት ማስረጃዎች ሦስት ነገሮች ልቀትን እንደሚያበዙ ያመለክታሉ፦ ሙቀት፣ ፍትጊያና የቆይታ ጊዜ። የሚከተሉት እርምጃዎች በእነዚሁ ላይ ያተኩራሉ።

አንደኛ፣ ትኩስ ምግብና መጠጥን ከፕላስቲክ መለየት። ለትኩስ ወጥ የብረት ወይም የሸክላ ዕቃ፣ ለቡናና ለሻይ ጀበናና ሲኒ፣ ለመረብ ከረጢት ምትክ ቅጠል ሻይ መጠቀም ከፍተኛውን የልቀት ምንጭ ያስቀራል። ከምጣድ የወጣ እንጀራም ሳይበርድ በፕላስቲክ ባይጠቀለል ይመረጣል። በማይክሮዌቭ ምግብ ለማሞቅ ብርጭቆ ወይም ሴራሚክ ተመራጭ ነው።

ሁለተኛ፣ የሕፃናት ጡጦ አያያዝ። ጡጦን ቀቅሎ ማምከን የተቅማጥ በሽታን ስለሚከላከል በምንም ምክንያት ሊቀር አይገባም። ማስተካከል የሚቻለው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ጡጦው ከተቀቀለ በኋላ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ የዱቄት ወተቱን በሙቅ ውሃ በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ መበጥበጥ፣ ለመጠጣት በሚመች መጠን ሲበርድ ወደ ጡጦው መገልበጥ። የብርጭቆ ጡጦ ከተገኘ ደግሞ ችግሩ ከምንጩ ይቃለላል።

ሦስተኛ፣ ውሃን አፍልቶ ማጥለል። በቻይና ጓንጁ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በካልሲየም የበለጸገ ውሃ ሲፈላ የሚፈጠረው የኖራ ቅርፊት ቅንጣቶቹን አቅፎ እንደሚዘቅጥና ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ማስወገድ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ካልሲየሙ አነስተኛ በሆነ ውሃ ግን ቅናሹ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያን በነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው፣ ከኖራ ድንጋይ ምድር የሚቀዳው የድሬዳዋና የመቀሌ ዓይነቱ ውሃ ከዚህ ዘዴ የበለጠ ይጠቀማል ተብሎ ይጠበቃል። ውሃው ከፈላ በኋላ እንዲረጋ መተው፣ ከላይ ያለውን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በወረቀት ማጥለያ ማሳለፍና ከሥር የቀረውን ዝቃጭ መድፋት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የጠርሙስና የጀሪካን አጠቃቀም። የታሸገ ውሃን ፀሐይ ላይ ከማቆየት፣ ለአንድ ጊዜ የተሠራን ጠርሙስ ለወራት እየሞሉ ከመጠቀም፣ የጀሪካንን ውስጥ በአሸዋና በጠጠር እየናጡ ከማጠብ መቆጠብ ይገባል። ክዳንን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋትም በፍትጊያ ቅንጣት ይፈጥራል። ይህ ማለት ግን የቧንቧው ውሃ ንጽሕና በማይታመንበት ስፍራ የታሸገ ውሃን መተው ይገባል ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ቀዳሚው ስጋት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን መሆናቸውን አጽንቶ ይናገራል፤ ኮሌራና ታይፎይድ ሊገድሉ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ የማዕድ ቤት ልማድ። በፕላስቲክ መክተፊያ ላይ ቢላ በተሳበ ቁጥር ፍቅፋቂ ወደ ሥጋውና ወደ አትክልቱ ይገባል፤ የእንጨት መክተፊያ ይህን ያስቀራል። የዓሣን የሆድ ዕቃ አውጥቶ መጣል፣ ምግብን ከድኖ ማቆየትና ወለልን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ይረዳሉ። የመሶብ ክዳን ለዝንብ ብቻ ሳይሆን ከአየር ለሚያርፈው ሰው ሠራሽ ጭረትም መከላከያ ነው።

ከቤተሰብ በላይ ያለው ኃላፊነት

የግለሰብ ጥንቃቄ ወሰን አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ሪፖርት እንደሚያስረዳው በሚገባ የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑ ደቃቅ ፕላስቲኮችን ያስቀራል፤ በማርጊያ ኬሚካል፣ በማዝቀጥና በአሸዋ ማጣሪያ የሚያልፍ የመጠጥ ውሃም እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች ሊጸዳ ይችላል። ስለዚህ ተሕዋስያንን ለመከላከል በውሃ ማጣሪያ ላይ የሚፈሰው መዋዕለ ንዋይ ፕላስቲክንም ይከላከላል። በኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የከለከለ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ሕግ ክልከላውን አስፍቶታል። የሕጉ ፍሬ የሚታየው ግን ፌስታልን የሚተካ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት በየገበያው በተመጣጣኝ ዋጋ ሲገኝ ነው።

ለምርምር ደግሞ ሰፊ መስክ ተከፍቷል። ውሃ በጀሪካንና በጣሪያ ላይ በተሰቀለ የፕላስቲክ ታንከር ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ የሚለቀቀው መጠን፣ የአፍዴራ ጨው ከሐይቁ ዳር እስከ ከረጢቱ የሚያደርገው ጉዞ፣ በፌስታል የሚቋጠር ትኩስ ምግብ፣ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ውሃ ላይ የማፍላት ዘዴው ውጤታማነት በአገር ውስጥ ላቦራቶሪዎች ሊለኩ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥናት ተአማኒ የሚሆነው ባዶ ናሙናን ጎን ለጎን ሲመረምር፣ የጥጥ ጋዋንና የብርጭቆ ዕቃ ሲጠቀም፣ የመለኪያውን ዝቅተኛ ወሰን በግልጽ ሲያስቀምጥ ነው።

መደምደሚያ

ደቃቅ ፕላስቲክን ከማዕድ ፈጽሞ ማስወገድ በአሁኑ ዘመን አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። በጤና ላይ ያለው ማስረጃ ገና እየተጠናከረ ቢሆንም፣ ቅንጣቶቹ የሚበዙበት ሁኔታ በላቦራቶሪ በግልጽ ታይቷል። ትኩሱን ከፕላስቲክ መለየት፣ ውሃን አፍልቶ ማጥለል፣ ምግብን መክደን ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው፤ ጀበናው፣ ሲኒውና መሶቡም ቀድሞውኑ በየቤቱ ይገኛሉ።