ወርቅ ለክፉ ቀን፦ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብን

እንደሚታወቀው በአገራችን ወርቅ የሚገዛው ለጌጥ ብቻ ተብሎ አይደለም። በሠርግ ቀን አንገት ላይ የታየው ሐብል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሕክምና ክፍያ፣ የልጅ ማስተማሪያ ወይም የስደት መንገድ ገንዘብ ሆኖ ሲወጣ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በእኛ ሰፈር በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ እስከ እፎይታ ገበያ ድረስ፣ እናቶች እቁብ ሲወጣላቸው መጀመሪያ ከሚያስቧቸው ነገሮች አንዱ ወርቅ ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች ለዚሁ ጉዳይ የወርቅ ሳንቲም ገዝተው ያስቀምጣሉ። እኛ ዘንድ ግን የሳንቲሙን ሥራ የሚሠሩት ቀለበት፣ አምባርና ሐብል ናቸው። ለመሆኑ ወርቅ በእርግጥ ክፉ ቀን ያሻግራል ወይ? ከከፈልነው ገንዘብ ውስጥስ ምን ያህሉ ይመለስልናል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለማብራራት ይሞክራል።

ከጠገራ ብር እስከ ወረቀት ብር

ጥሪትን በሳንቲም ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጠገራ ብር እየተባለ የሚጠራው የማርያ ቴሬዛ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት ሲሆን፣ እሷ ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 የሚለውን የፈረንጅ ዓመት እንደያዘ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ ይመዘንበት የነበረው ወቄትም በዚሁ ሳንቲም ክብደት ልክ ነበር። ጠገራው ገንዘብም ነበር፣ ሚዛንም ነበር ማለት ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ አንገት ጌጥ ገባ። ገንዘብነቱ ቢቀርም ብርነቱ ግን አልቀረም።

የወርቅ ሳንቲምም በአገራችን ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን «ወርቅ» የተባለ ገንዘብ በጥቂቱ ተመቷል። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው፣ ከ10 ብር እስከ 200 ብር የሚል ዋጋ የተጻፈባቸው አምስት ዓይነት የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተው ነበር። ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። እነዚህ ግን ለማስታወሻ የተሠሩ እንጂ እንደ ጠገራው በየገበያው የተዘዋወሩ አልነበሩም።

የወረቀት ብር ጸባዩ ሌላ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ብር በአዲስ ሲቀይር፣ እንዲሁም በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ብሩ ሲጨመር፣ ገንዘቡን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ማስለወጥ ነበረበት። በ2013ቱ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ወርቅ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የለበትም። የኮልፌ እናቶች ወርቅን የሚያምኑት እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ብር ሲወርድ ወርቅ ለምን ይወጣል?

የወርቅን ዋጋ በብር ስናይ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ እያየን ነው። አንደኛው ወርቁ በዓለም ገበያ በዶላር የሚያወጣው ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዶላር በእኛ ብር የሚያወጣው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በተከታዮቹ ሳምንታት ደግሞ 100 ብር አለፈ። በዚያን ወቅት ሣጥኗ ውስጥ ሐብል የነበራት ሴት ምንም ሳትሠራ ሐብሏ በብር ሲተመን ጨመረ። ያቺው ሴት ገንዘቡን በባንክ ቢኖራት ኖሮስ? የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ግን ይህ ወለድ የገንዘቡን አቅም ሊጠብቅላት አልቻለም።

ይሁን እንጂ ወርቅ ሁልጊዜ ሽቅብ ብቻ ይሄዳል ማለት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 በዓለም ገበያ አንድ ኦውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። በ1999 ወደ 250 ዶላር ወረደ። በ2011 ወደ 1,900 ወጥቶ በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ተገኘ። በጥቅምት 2025 ደግሞ ከ4,000 ዶላር አለፈ። ወርቅ ወለድ አይወልድም፣ ኪራይ አያስገባም። የሚረዳው ብዙ ዓመት ለሚጠብቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ የዓለም ገበያው ኦውንስ 31.1 ግራም ነው። በዜና ላይ አንዳንዴ «ወቄት» እየተባለ ቢተረጎምም ከድሮው ወቄት ጋር አንድ አይደለም።

ካራት፣ ግራምና የእጅ ዋጋ

ወደዚህ ርእስ የመራኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። እናቴ እፎይታ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አምና እቁብ ሲወጣላት ገንዘቡን በሙሉ አምባር ልትገዛበት አሰበች፤ ዓላማው የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ነው። «እስቲ አንቺ ጋዜጠኛዋ ጠይቀሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ያስጨነቃት የጎረቤታችን ነገር ነበር። ጎረቤታችን ባሏ ታሞባት አምባሯን ልትሸጥ ስትሄድ፣ 12 ግራም ብላ የገዛችው ጌጥ ፈርጡ ሲነሳ 10 ግራም ሆነ። 21 ካራት ነው የተባለውም ሲፈተሽ 18 ተገኘ። ሴትየዋ ወርቋን አላጣችም፤ ነገር ግን የባሏን ሕክምና ልትሸፍንበት ያሰበችው ገንዘብ በእጅጉ አነሰ።

ካራት ማለት ከ24 ክፍል ውስጥ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። 24 ካራት ንጹሕ የሚባለው ነው። 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ አለው፤ የቀረው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ብረት ነው። ጌጡ ላይ በጥቃቅን የሚመታው ቁጥርም ይህንኑ ይናገራል፦ 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22፣ 999 ማለት 24 ነው። ስለዚህ ባለ 18 ካራት የ10 ግራም ቀለበት ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም ብቻ ነው።

መርካቶ ሄጄ በሦስት ወርቅ ቤቶች «ዛሬ የገዛሁትን ዛሬውኑ ብመልሰው በስንት ትገዙኛላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው «ኧረ ገና ሳትገዢ መመለስ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛው ደረሰኝ ካለሽ እንነጋገራለን አለኝ። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ አንጥረኛ ነበሩ፤ ነገሩን በአጭሩ አስረዱኝ። «ልጄ፣ ስትገዢ ወርቁንም አበባውንም ትከፍያለሽ። እኔ ስገዛሽ ግን የምከፍልሽ ለወርቁ ብቻ ነው፤ አበባውን አቅልጠዋለሁ» አሉኝ።

ነገሩን በስሌት እንየው። ለምሳሌ እንዲመች የአንድ ግራም ዋጋ 10,000 ብር፣ የእጅ ዋጋው በግራም 500 ብር ነው እንበል። ለ10 ግራም አምባር 105,000 ብር እንከፍላለን። ወርቅ ቤቱ መልሶ የሚገዛው በግራም 9,500 ብር ቢሆን በእጃችን የሚገባው 95,000 ብር ነው። በሩን ሳንወጣ 10,000 ብር ሄደ። ያወጣነውን ለማግኘት ብቻ የወርቅ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር አለበት ማለት ነው። ጥልፍና ፈርጥ በበዛ ቁጥር ይህ ክፍተት ይሰፋል። ውጭ አገር ሰዎች ሳንቲም የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመታው የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ ለምሳሌ 22 ካራት ሆኖ በውስጡ ልክ አንድ ኦውንስ ንጹሕ ወርቅ አለው። ክብደቱና ንጥረቱ የታወቀ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው። እኛ ጋ ለሳንቲም ቅርቡ ፈርጥና ጥልፍ የሌለበት ልሙጥ ቀለበት ወይም ልሙጥ አምባር ነው።

እናቴ ይህን ስነግራት ገንዘቡን ለሦስት ከፈለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚፈለገውን የወንድሜን ክፍያ ባንክ አስገባች፤ ምክንያቱም የወርቅ ዋጋ በዚያ ሰዓት ቢወርድ ኮሌጁ አይጠብቅም። በከፊሉ የበርበሬ ዕቃዋን ሞላች። በቀረው ሁለት ልሙጥ ቀለበቶች ገዛች።

ሐሰተኛ ወርቅ

በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ወርቅ ውስጥ በወርቅ የተለበጠ ብረት መገኘቱ በዓለም ዜና ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ተቋም ከተታለለ አንድ እቁብተኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለባት መገመት አያዳግትም። ወርቅ በማግኔት አይሳብም፤ ነገር ግን መዳብም አይሳብም፣ ስለዚህ የማግኔት ፍተሻ ብቻውን አይበቃም። አንጥረኛ ጌጡን በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈትጎ አሲድ ያንጠባጥብበታል፤ በአሲዱ ብርታትና በሚቀረው መስመር ካራቱን ይለያል። ወርቅ ከባድ ነው፦ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 19.3 ግራም ሲመዝን፣ መዳብ 9 ግራም አካባቢ ነው። መጠኑ ትልቅ ሆኖ እጅ ላይ የሚቀል ጌጥ ሊያጠራጥረን ይገባል።

«ከማዕድን ማውጫ በቀጥታ የመጣ፣ ርካሽ» እየተባለ በመንገድ የሚቀርብ ጥሬ ወርቅም አለ። በጥሬ ወርቅ መነገድ ፈቃድ ይጠይቃል። ገዢው ከተታለለ ደግሞ ክስ ለማቅረብ እንኳ የሚይዘው ደረሰኝ የለውም።

የት እናስቀምጠው?

ወርቅ አይዝግም፣ ብል አይበላውም፤ ነገር ግን ሌባ ይወስደዋል፣ ምስጢርም ይቀብረዋል። ጠገራ በሸክላ አድርጎ መቅበር የቆየ ልማድ ነበር። ባለቤቱ ድንገት ከሞተ ግን ጥሪቱም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ቦታውን ለብዙ ሰው አለማውራት፣ ለአንድ የሚታመን ሰው ግን መንገር ያስፈልጋል። ደረሰኙን ከወርቁ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የእያንዳንዱን ጌጥ ግራምና ካራት በደብተር መመዝገብና ፎቶ ማንሳት ቀላል ሥራ ነው። መዝገቡ ለሌላም ይጠቅማል። በኮልፌ ለሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘካ የሚሰላበት የወርቅ መነሻ 85 ግራም፣ መጠኑም 2.5 በመቶ ስለሆነ፣ ስንት ግራም እንዳላቸው ማወቅ የግድ ነው።

በመጨረሻም ውድ አንባቢያን፣ እናታችሁ ወይም እህታችሁ ወርቅ ልትገዛ ስትነሳ ከልክሏት አልልም። አብራችኋት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁላት፦ ያለ ፈርጡ ስንት ግራም ነው? ካራቱስ ስንት ነው? ዛሬውኑ ብትመልሰው በስንት ይገዟታል? መልሱን ደረሰኝ ላይ የማይጽፍ ወርቅ ቤት ካጋጠማችሁ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ አንኳኩ። ቸር እንሰንብት።