የጥርስ ኢንሹራንስ፦ ካርዱ ኪስ ውስጥ፣ ዕዳውም ኪስ ላይ

ጥርሱን አሞት የማያውቅ ሰው የሌሊቱን ርዝመት አያውቀውም ይባላል። ሲነጋ ደግሞ ሌላ ሕመም ይከተላል፤ «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወንድማችን ያጫወተን ነገር ነው። መንጋጋው ሲያመው ከርሞ የጥርስ ኢንሹራንስ ገዛ፤ አረቦኑንም ሳያጓድል ከፈለ። በሁለተኛው ወር ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ የጥርስ ሥር ሕክምናና «ክራውን» የሚባለው ሽፋን እንደሚያስፈልገው ተነገረው። ኢንሹራንሱ ግን «የመጠበቂያ ጊዜህን አልጨረስክም» አለው። ሙሉውን ለመክፈል አቅም ስላልነበረው ጥርሱን አስነቀለ። «ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጥርሴ ግን ሄደ» አለን።

ወንድማችን ውሉን አላነበበም፤ የሸጠለትም ሰው አላብራራለትም። ታዲያ ውሉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የጥርስ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከጠቅላላው የጤና ኢንሹራንስ የተለየ ነው። የጤናው ኢንሹራንስ ታካሚው በዓመት ከኪሱ ለሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ያበጃል። የጥርሱ ግን በተቃራኒው ጣሪያ የሚያበጀው ኩባንያው ለሚከፍለው ነው። ይህ ጣሪያ በብዙዎቹ ውሎች በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው።

የሕክምናው ዓይነትም በሦስት ይከፈላል። ምርመራና ጥርስ ማጠብ ብዙውን ጊዜ 100 በመቶ፣ ጥርስ መሙላትና ቀላል ነቀላ 80 በመቶ፣ ክራውንና ሰው ሠራሽ ጥርስ 50 በመቶ ይሸፈናሉ። የሥር ሕክምና እንደየውሉ ወይ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ይመደባል። ከዚህ በፊት ግን ታካሚው በየዓመቱ መነሻ ክፍያ ያወጣል።

በምሳሌ እንየው። ክራውኑ 1,200 ዶላር፣ መነሻ ክፍያው 50 ዶላር ነው እንበል። ከቀሪው 1,150 ዶላር ኩባንያው ግማሹን፣ ማለትም 575 ዶላር ይከፍላል፤ ታካሚው 625 ዶላር ያወጣል። ሆኖም የዓመቱ ጣሪያ 1,000 ዶላር ሆኖ ኩባንያው በዚያው ዓመት ለሌላ ሕክምና 700 ዶላር ከፍሎ ቢሆንስ? መነሻ ክፍያው አስቀድሞ ስለተከፈለ የኩባንያው ድርሻ 600 ዶላር ይሆን ነበር፤ ከጣሪያው የቀረው ግን 300 ዶላር ብቻ ነው። 900 ዶላሩ በታካሚው ላይ ይወድቃል።

ከዚህም ሌላ ብዙ ውሎች ለከባድ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ወር ያስጠብቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ በፊት የወለቀውን ጥርስ ለመተካት አይከፍሉም። ከኩባንያው ጋር ውል የሌለው ሐኪም ዘንድ መሄድም ወጪውን ያንረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኢንሹራንስ የሚገዛው ሳያም ነው። ሁለተኛ፣ ከባድ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ለኩባንያው የዋጋ ግምት ልኮ መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበል መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ሕክምናው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ከፊሉን በዓመቱ መጨረሻ፣ ከፊሉን በአዲሱ ዓመት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ማማከር ነው፤ ጣሪያው በአዲሱ ዓመት እንደገና ይጀምራልና።

ሜዲኬድ ያላቸው ቤተሰቦችም ልብ ይበሉ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የጥርስ ሕክምና በሕግ የተካተተ ነው። ለአረጋውያን የሚሰጠው መደበኛው ሜዲኬር ግን የተለመደውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም።

እናንተ ወጣቶችም አደራ አለባችሁ። በየቤቱ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለእናትና ለአባት የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ያን የውል ወረቀት ሳይታመሙ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ያ አንድ ሰዓት የአባትን መንጋጋ ሊያተርፍ ይችላል።