የተለወጠ ዘር፣ ዘይትና ፋጉሎ፦ ምን ብለን እንጠይቅ?



በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ እናቶች «ዘሩ የተለወጠ እህል መካን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ገበሬዎች ደግሞ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የወሰዱት ምርጥ ዘር ያው እንዳይሆን ይሠጋሉ። በዛሬው ጽሑፋችን ወሬውን ከእውነታው ለይተን ለማየት እንሞክራለን።

ልውጠ ሕያው ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጥሩውን ዛላ መርጦ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል። የተዳቀለ የበቆሎ ምርጥ ዘርም የሚገኘው በቆሎን ከበቆሎ በማዳቀል ስለሆነ ልውጠ ሕያው አይደለም። ልውጠ ሕያው የሚባለው በቤተ ሙከራ ዘረ መሉ የተለወጠ ሕያው ነገር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረ መል ይገባበታል። ለምሳሌ «ቢቲ» የተባለው ጥጥ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ዘረ መል ተወስዶ የገባበት ነው። በዚህም ምክንያት የጥጥ ፍሬ የሚበላውን ትል የሚገድል ፕሮቲን ራሱ ያመርታል።

የሀገራችን ድርሻ

ሀገራችን በዚህ ጉዳይ በዓለም ፊት የታወቀ ታሪክ አላት። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካ ሀገሮችን ወክለው ባደረጉት ክርክር የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲጸድቅ ትልቅ ሚና ተጫውተዋል። ፕሮቶኮሉ «ጉዳቱ ገና በሳይንስ አልተረጋገጠም» ተብሎ ጥንቃቄ እንዳይቀር ይፈቅዳል። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለምርምር መንገዱ ቀለል ተደረገ። ከዚያም በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች እንዲዘሩ ተፈቀደ፤ ድርቅንና ተባይን እንዲቋቋም የተለወጠ በቆሎም በተከለለ ቦታ እንዲሞከር ፈቃድ አገኘ። የአካባቢ ተቆርቋሪዎችና አንዳንድ ምሁራን አካሄዱ በቂ ምክክር የጎደለውና የተጣደፈ ነው በማለት ተቃውመዋል።

ጤናችንን ይጎዳል ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱ ምርት ለየብቻው መመርመር አለበት ይላል። በዓለም ገበያ ላይ ያሉት ምርመራ ያለፉ በመሆናቸው በሰው ጤና ላይ አደጋ ያመጣሉ ተብሎ እንደማይጠበቅም ይገልጻል። መካን ያደርጋሉ የሚባለውም ማስረጃ የለውም።

ነገር ግን ለወሬው መነሻ ሊሆን የሚችል አንድ እውነት አለ። የጥጥ ፍሬ፣ የተለወጠም ሆነ ያልተለወጠ፣ ጎሲፖል የሚባል የተፈጥሮ መርዝ አለው። በቻይና ያልተጣራ የጥጥ ዘይት ለምግብ በሚጠቀሙ አካባቢዎች ወንዶች ላይ የመውለድ ችግር ታይቶ ነበር። በሚገባ ሲጣራ ግን መርዙ ይወገዳል። ስለዚህ አስቀድመን የምንጠነቀቀው በየጀሪካኑ እየተቀዳ ከሚሸጥ፣ ምንነቱና ማጣሪያው ከማይታወቅ ዘይት ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም ለጥጃና ለግልገል አይበጅም። ለዐረፋ በግ ወይም በሬ የምታደልቡ ወገኖችም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳታማክሩ መጠኑን አታብዙ።

ታዲያ ቁጥጥር ለምን አስፈለገ? ሁለት ምሳሌዎች እንመልከት። በአሜሪካ ከብራዚል ለውዝ ዘረ መል የገባበት አኩሪ አተር ተሠርቶ ነበር። ለለውዙ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ሊጎዳ እንደሚችል በምርመራ ስለታወቀ ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። በዚያችው ሀገር እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ለእንስሳት መኖ ብቻ የተፈቀደ ስታርሊንክ የተባለ በቆሎ በሰው ምግብ ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኘና ብዙ ምርት ከገበያ ተሰበሰበ። ታመምን ባሉ ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ በቆሎው አለርጂ ማስከተሉ አልተረጋገጠም። ያም ሆኖ በበለጸገ ሀገር እንኳ አንዴ ከጎተራ የተቀላቀለን እህል መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል። እህልና ፋጉሎ በጆንያ እየተገለበጠ በሚሸጥበት በእኛ ገበያማ ችግሩ ይብሳል።

ጉዳቱ የጤና ብቻም ላይሆን ይችላል። ቡርኪናፋሶ የቢቲ ጥጥን እ.ኤ.አ. በ2008 በሰፊው መዝራት ጀምራ፣ የጭረቱ ርዝመት በማጠሩ ገበያ ላይ ስለከሰረች ከ2016 ጀምሮ ወደ ቀድሞው ዝርያ ተመልሳለች።

ነገሩ የቆላ ጥጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤፍ እንዳይጋሽብ ቁመቱን ለማሳጠር ያለውን ዘረ መል የማስተካከል ምርምር የሀገራችን ተቋም ከአሜሪካኖች ጋር ሆኖ አካሂዷል። የሌላ ፍጡር ዘረ መል ስለማይጨመርበት፣ እንዲህ ያለው ሰብል በልውጠ ሕያው ሕግ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው በየሀገሩ ያከራክራል። ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ጤፍ እንጀራውም ገንዘቡም ነው፤ ክርክሩ እርሱን ሳይጨምር ሊያልቅ አይገባም።

ምን እናድርግ?

መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ይመረመራል፣ ይመዘገባል፤ ይዘቱንና የጎንዮሽ ጉዳቱን የሚገልጽ ወረቀት አብሮት ይመጣል፤ ከተሸጠ በኋላም ጉዳት ካሳየ ለተቆጣጣሪው ይነገራል። በየዓመቱ ለምንዘራውና በየቀኑ ለምንበላው ነገር ከዚህ ያነሰ መጠየቅ አይገባንም። በመሆኑም፦

• ዘር ስትረከቡ ስሙን፣ አምራቹንና ልውጠ ሕያው መሆን አለመሆኑን የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ከረጢቱንም አስቀምጡ።
• ዘይት ስትገዙ ከምን እንደተጨመቀ፣ የት እንደተጣራና መቼ እንደሚያበቃ የተጻፈበትን ምረጡ።
• በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ማን መረመረው? ጉዳት ቢያደርስ ማን ይጠየቃል?» በሉ። በአካባቢ ጉዳይ ሐሳብ መስጠት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የተረጋገጠ መብታችን ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የገባው ዘረ መል ከየትኛው ፍጡር እንደተወሰደ ካልታወቀ ዑለሞቻችን ስለ ሐላልነቱ ምን ብለው ይመልሱልን? ይህም ምንጩ በግልጽ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ነው።

ያልተረጋገጠ ወሬ ማሰራጨት ጠያቂውን ያስንቀዋል፤ በማስረጃ የሚጠይቅ ገበሬንና እናትን ግን ማንም በቀላሉ አያልፋቸውም። አላህ ሐላልና ጤናማ ሲሳይ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።