የጀልባ ዋጋን በነጻ ካርታ ላይ መመዝገብ፦ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተጓዥ

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ከሂርና፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ወደ ጣና ገዳማት የሚሄዱ ምእመናን ጉዟቸው ባሕር ዳር ላይ አያበቃም። ክብራን ገብርኤልን ወይም ዳጋ እስጢፋኖስን ለመሳለም በጀልባ መሻገር ግድ ነው። የጉዞ ኮሚቴ የአውቶቡሱን ኪራይ አስቀድሞ ያሰላል፤ የጀልባው ዋጋ ግን ወደቡ ላይ ሲደረስ የሚታወቅ ከሆነ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ የመጣ ድኻ ከማኅበሩ ተለይቶ በዳር ሊቀር ይችላል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚረዱት አንዱ በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ይህን ካርታ ማንኛውም ሰው ሊያርመውና በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል። የጀልባ ጉዞ ከወደብ እስከ ወደብ በመስመር ይሣላል፤ በመስመሩም ላይ ሦስት ጥያቄዎች ለየብቻ ይመለሳሉ፦ ለመሳፈር የሚፈቀድለት ማን ነው? ይከፈላልን? ስንት?

ፈቃድና ክፍያ ሊደባለቁ አይገባም። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ የምናገኘው የአዳማ ፈጣን መንገድ መኪናን ያስከፍላል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ከፍለውም አይገቡበትም። በጀልባ ነገሩ ይለያል፤ እግረኛው ከፍሎ ይሳፈራል፤ ብስክሌቱ ለብቻው ይከፈልበት እንደሆነ ግን ተለይቶ ካልተጻፈ አይታወቅም። ባዶ የተተወ ቦታም «በነጻ ነው» ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ክፍያ ከሌለ «የለም» ተብሎ ይጻፍ።

ዋጋው ሲመዘገብ በነፍስ ወከፍ ወይስ ለጀልባው በሙሉ፣ ለመሄጃ ብቻ ወይስ ለደርሶ መልስ መሆኑ፣ የታየበትም ቀን አብሮ ይገለጽ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ያረጀ ቁጥር ከማኖር ክፍያ መኖሩን ብቻ መጻፍ ይሻላል። የገዳሙ መግቢያ ክፍያ ከጀልባው ዋጋ ጋር አይደመርም። ክብራንና ዳጋ ለሴቶች የማይፈቀዱ መሆናቸውም የገዳማቱ ሥርዓት ስለሆነ በገዳማቱ ላይ እንጂ በጀልባው ላይ አይመዘገብም።

ዘጌ ግን ልሳነ ምድር ስለሆነ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በየብስም ይደረሳል። የጀልባውን ዋጋ አስቀድሞ ያወቀ ምእመን፣ አቅሙ ካልፈቀደ በእግሩ ወይም በብስክሌቱ ለመሄድ ይወስናል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ልምምዱን ከቅርብ ሊጀምሩ ይችላሉ፦ ወደ አሰቦት ገዳም የሚያወጣውን የእግር መንገድ፣ በመንገዱ ያለውን የውኃ ቦታ፣ የከተማችንንም ሁለት ስሞች በካርታው ይመልከቱ፤ የጎደለውን ይሙሉ። የሚጻፈው በዓይን የታየው ወይም ከባለ ጀልባው የተጠየቀው ብቻ ይሁን፤ ከሌላ ካርታ መገልበጥ አይፈቀድም። ከጉዞ የተመለሰ ኮሚቴ የከፈለውን ዋጋ ቢመዘግብ፣ የሚቀጥለው ማኅበር ለድኾቹ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከመነሣቱ በፊት ማዘጋጀት ይችላል።